የጉልላት መብራትና የፀሐይወርቅ ዓይን

ካልጋሪ ውስጥ የምርት ማስተዋወቂያ ዝግጅት የሚያሰናዱ ሰዎች፣ መብራቱ የተደበላለቀበት አዳራሽ ሲገጥማቸው የሚደውሉት ለፀሐይወርቅ ነበር። እንዲህ ያለ አዳራሽ ፎቶ አንሺን ያስለቅሳል። በአንድ ወገን በትልልቅ መስኮቶች የቀን ብርሃን ይገባል፤ ከጣሪያው ቢጫ አምፖል ተንጠልጥሏል፤ መድረኩ ላይ ደግሞ የድርጅቱን ቀለም የለበሰ ኤልኢዲ መብራት ይንቦገቦጋል። የሰው ዓይን ይህን ሁሉ ሳይታወቀው ያስታርቀዋል። ካሜራ ግን ማስታረቅ አያውቅም፤ የአንዱን ሰው ግማሽ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹን ብርቱካንማ አድርጎ ቁጭ ያደርገዋል። ፀሐይወርቅ እዚያ መሀል ገብታ ሰውን ሰው አስመስላ ታወጣ ነበር። ተናጋሪውን ጀርባውን ለመስኮቱ እንዲሰጥ በፈገግታ ታዞረዋለች፤ ፍላሿ ላይ ቀጭን ብርቱካንማ ፕላስቲክ ለጥፋ ከአምፖሉ ጋር ታስማማዋለች፤ መድረኩ ሐምራዊ ሲሆን ካሜራዋን ዝቅ አድርጋ ትጠብቅና፣ ነጩ መብራት ፊት ላይ ባረፈባት ቅጽበት ብቻ የካሜራውን ቁልፍ ትጫናለች።

ይህ ዓይን ዝም ብሎ የተገኘ አልነበረም። ወጣት ሳለች አራት ኪሎ አጠገብ በነበረ ፎቶ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ፎቶ አጥባለች። ያኔ ቢጫውንና ቀዩን በቁልፍ እየጨመረ እየቀነሰ የሚያስተካክለው ሰው ነበር። እሷ ኔጋቲቩን ወደ ብርሃን አንስታ፣ አንዴ አየት አድርጋ «ሁለት ቢጫ ይቀነስ» ካለች ያ ፎቶ ድጋሚ አይታጠብም። ካልጋሪ መጥታ ስድስት ዓመት ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ከቆየች በኋላ፣ መጀመሪያ የሐበሻ ሠርግ፣ ቀጥሎ የሱቅ ምረቃ፣ በመጨረሻም የትልልቅ ድርጅቶችን የምርት ማስተዋወቂያ ማንሳት ጀመረች። አሁን ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ዶቨር በሚባለው ሠፈር ከባለቤቷ ከመኳንንት ጋር ትኖራለች። መኳንንት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያጓጉዝ ስለሚውል ይመስላል ቤት ሲገባ ብዙ አያወራም።

በእነዚህ አዳራሾች ውስጥ የፀሐይወርቅ የሥራ ጓደኛ መብራት የሚያዘው ጉልላት ነበር። አርባውን ያለፈ፣ ረጅም፣ ቴምፕል በሚባለው ሠፈር ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የሚኖር ሰው ነው። በሥራ ቀን የኢቨንት ድርጅቶችን መብራት ይሠራል፤ እሑድ እሑድ የአማርኛ ጉባኤያቸውን መብራትና ድምፅ በነጻ ያገለግላል። እሷ የኦርቶዶክስ ልጅ ናት፣ እሱ ጴንጤ ነው። በዚህ አንድም ቀን ተጨቃጭቀው አያውቁም። ረቡዕና ዓርብ ምሳ የሚያዝዘው እሱ ከሆነ ለሁለቱም የጾም ያዝዛል፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም፣ እሷም አትጠይቀውም። ከሁሉም በላይ ግን ውለታው ሌላ ነበር። እንግዳ ከመግባቱ በፊት ባለቀለሙን መብራት ሁሉ አጥፍቶ፣ መድረኩ ላይ ንጹህ ነጭ ብቻ አብርቶ ይሰጣታል። በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ግራጫ ካርዷን መድረኩ ላይ አቁማ ታነሳለች፤ ካሜራው በካርዱ ነጭ ምን እንደሆነ ይማራል። ስምንት ዓመት እንዲህ ሠሩ።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አንድ የክረምት ቦት ጫማ ድርጅት አዲስ ምርቱን ባስተዋወቀ ቀን ነው። አዳራሹ ኢንግልውድ ሠፈር ያለ የድሮ መጋዘን ነበር። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ የነፈሰበት ከሰዓት ስለነበር ምዕራቡ ሰማይ ከደመናው ሥር ተከፍቶ በረጃጅሙ መስኮት ፀሐይ እየገባች ነው። የድርጅቱ ቀለም ብርቱካን ነው፤ ምንጣፉም፣ መድረኩም፣ የሠራተኞቹ ሹራብም ብርቱካን። ዝግጅቱን የምትመራው ሊንዚ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሥራ የምታውቅ፣ ፈጣን፣ ሰው የማታንጓጥጥ፣ ስህተት ግን የማትረሳ።

ጉልላት እንደ ልማዱ ነጩን ሰጣት። ፀሐይወርቅ ካርዱን አነሳችና ምስሉ የሚታይበትን የካሜራውን መስኮት አየች። አላማራትም።

«ጉልላት፣ ነጩን ትንሽ አጥራልኝ» አለችው።

«ይሄው ነው እኮ ነጩ፣ እትዬ ፀሐይ።»

«ደፍርሷል። ቢጫ አለበት።»

ጉልላት ከመብራት ማዘዣው ጀርባ ሆኖ ለአፍታ ትኩር ብሎ አያት። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ትንሽ ነካካው፤ እሷም ሰዓቱ ስለደረሰ ሥራዋን ቀጠለች።

በማግስቱ ኮምፒውተሯ ላይ ፎቶዎቹን ስትከፍት ሁሉም የሻይ ዝቃጭ የፈሰሰባቸው መሰሏት። ግራጫው ካርድ «ትክክሉ ይህ ነው» ያላት ቁጥር አለ፤ እሷ ግን ካርዱን ትታ ዓይኗን አመነች። ቢጫውን ቀነሰች፣ ሰማያዊውን ጨመረች፣ የጠረጴዛው ልብስ ነጭ እስኪሆንላት ድረስ። ሦስት መቶ አሥር ፎቶ እንዲህ አድርጋ ላከች። ስትጨርስ ደስ ብሏት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሊንዚ ደወለች። ድምፅዋ የተቆጣ ሳይሆን ግራ የገባው ነበር። የድርጅቱ ብርቱካን የታመመ ሮዝ ሆኗል አለች። ሠራተኞቹ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ሥራ አስኪያጁ ሽበቱ ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ሰው ሁሉ ገንዳ ውስጥ ቆሞ የተነሳ ይመስላል። ምን ተፈጠረ? ስትል ጠየቀቻት።

ፀሐይወርቅ ፎቶዎቹን እያየች ነው የምታወራው። ፊቷ ያሉት ፎቶዎች ምንም አልሆኑም። ሠላሳ ዓመት በዓይኗ የኖረች ሰው ናት፤ ዓይኔ ነው ብላ እንድትጠረጥር ያደረጋት ነገር አልነበረም። እናም አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች፤ መብራቱ ነው፣ ነጩ ደፍርሶ ነበር፣ ለመብራት ሠራተኛው ነግሬው አላስተካከለውም አለች። ሊንዚ ይህንኑ በኢሜይል ጻፊልኝ ስትላት ጻፈች። ስትጽፍ የጉልላትን ስም ላለመጥራት ብላ «የመብራት ኦፕሬተሩ» አለች። ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ የነበረው የመብራት ኦፕሬተር አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉልላት ሊንዚ በምታዘጋጃቸው ዝግጅቶች ላይ አልተጠራም። በቦታው ትሬቨር የሚባል ጢማም ወጣት ተቀጠረ። ፀሐይወርቅ በስልክ ስትጠይቅ «ሌላ ሰው እየሞከርን ነው» ተባለች። ጉልላት አልደወለላትም፤ እሷም አልደወለችለትም። ለምን እንደማትደውል ራሷን ስትጠይቅ «እሱ ነው እንጂ መደወል ያለበት» ትላለች፤ ግን ይህን ባለች ቁጥር ስልኳን አንስታ መልሳ ታስቀምጠው ነበር።

ያን ክረምት ቤት ውስጥ ሌላ ጣጣ ተነሳ። የቤተ ክርስቲያን ነጠላዬ ቢጫ ሆነብኝ አለች። በበረኪና ነከረችው፣ አጠበችው፣ አልጠራም። ደግማ ነከረችው። የመኳንንትን ነጭ ሸሚዞችም ጨመረችባቸው።

«እኔ ነጭ ነው የሚታየኝ» አላት መኳንንት፣ በሦስተኛው እጥበት።

«አንተ ምን አውቀህ ነው? አውቶቡስህን ንዳ» አለችው። ሳቀና ተወው። ነጠላው ግን በበረኪናው ብዛት ጥለቱ ላይ ሳሳ፤ አንድ ቀን ስታጥፈው ጣቷ በውስጡ አለፈ።

መኪና መንዳትም ያስጠላት ጀመር። ሲመሽ ከፊት የሚመጣው መብራት ሁሉ ጨረር እያበቀለ ዓይኗን ይወጋታል። መነጽሬ አርጅቶ ነው አለች። መኳንንት ያልሠራ ቀን እሱ ያደርሳታል፤ ሲሠራ እሷ ቀስ እያለች በሠፈር ውስጥ ለውስጥ ትሄዳለች። ይህንንም ለማንም አልነገረችም።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሊንዚ እንደገና ጠራቻት። ቦቱ ላይ የተበላሸው ሥራ ባይረሳም ያለፈው ስምንት ዓመት ተቆጥሮላት ነው። ይህኛው ዝግጅት የአንድ የወተት ድርጅት ነበር፤ አዲስ የብርጭቆ ጠርሙስ ሊያስተዋውቁ ነው። ሁሉም ነገር ነጭ ነው፤ ጠረጴዛው ነጭ፣ መጋረጃው ነጭ፣ በመድረኩ መሀል በረጅም መደርደሪያ ላይ የተሰለፉት የወተት ጠርሙሶች ነጭ። በአንድ በኩል መስኮት፣ ከላይ የድሮ አምፖል፣ ከፊት ኤልኢዲ። ነጭን በድብልቅ ብርሃን ማንሳት ከባዱ ፈተና ነው፤ ቀለም ያለው ነገር ትንሽ ቢሳሳት ማንም አያውቅበትም፣ ነጭ ግን ይናገራል።

እንግዳው ሊገባ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ትሬቨርን ነጭ ስጠኝ አለችው። ሰጣት። አየችው፤ ቢጫ ነው። ሰማያዊ ጨምርልኝ አለችው። ጨመረ። አሁንም ቢጫ ነው። ጨምር አለችው። ትሬቨር ትከሻውን ነቀነቀ፤ ግን የታዘዘውን የሚያደርግ ልጅ ነውና ጨመረ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጨምር አለችው። ያኔ ጠርሙሶቹ አማሩላት። ወተቱ ወተት ሆነ። ካሜራዋን አነሳች።

አስተናጋጆቹ ትሪ እንደያዙ ቆመዋል። አንዲቱ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ስትል ሁለቱም ወደ መድረኩ አዩ። በዚህ መሀል ሊንዚ ከበሩ ገባች፣ ሦስት እርምጃ ተራመደችና ቆመች።

«ወተቱ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» አለች።

ፀሐይወርቅ መጀመሪያ ማንን እንደምትጠይቅ አልገባትም። ዞር ብላ ትሬቨርን አየችው፤ ትሬቨር እሷን ያያል። አስተናጋጆቹ እሷን ያያሉ። እንደገና ጠርሙሶቹን አየች። ንጹህ ነጭ ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ወተቱ ነጭ የሆነላት ለእሷ ብቻ ነው።

በዚያች ቅጽበት ነጠላውም፣ ሸሚዞቹም፣ የመኪና መብራቱም፣ ቦቱም ተራ በተራ መጡባት። ጉልላት ለአፍታ ትኩር ብሎ ያያት አስተያየትም መጣባት። ግን እንግዳ ሊገባ ነው፣ ሥራ አለ። ትሬቨርን ወደ መጀመሪያው መልሰው አለችው። ካርዷን አቆመች፣ አነሳችው፣ ካሜራው የሰጣትን ቁጥር ቆለፈችበት። ከዚያ ጀምሮ እስከ ዝግጅቱ ማብቂያ የካሜራውን መስኮት አንዴም ዝቅ ብላ አላየችም። ማየት የማይታመን ከሆነ ለምን ታየዋለች? ሰውን፣ ፈገግታን፣ እጅን፣ ጠርሙሱ የሚነሳበትን ቅጽበት እያየች፣ ቀለሙን ለቁጥሩ ትታ ሠራች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን የፈራችበት ቀን አልነበረም።

በማግስቱ ማርልቦሮ ሞል ውስጥ ካለው የዓይን ሐኪም ዘንድ ገባች። ሐኪሟ አገጯን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ረጅም ጊዜ አየቻትና፣ በሁለቱም ዓይኖቿ ሌንሱ ደፍርሷል አለቻት። ካታራክት። ሦስት አራት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም፤ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰው አይታወቀውም፤ ሁሉን ነገር ቢጫና ቡናማ ያደርጋል። ፀሐይወርቅ ቃሉን በአማርኛ ታውቀዋለች፤ የዓይን ሞራ ነው። አክስቷን ያሳወራት እሱ ነበር። እዚህ ግን በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ ወረፋው ይረዝማል እንጂ ቀላል ነው አለቻት ሐኪሟ።

ከዚያ ወጥታ ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ባቡር አለፋት። ስለ ዓይኗ ማሰብ ነበረባት፤ የምታስበው ግን ስለ ጉልላት ነበር።

ቤት ገብታ ለመኳንንት ሁሉንም ነገረችው። ዓይኗን ሲሰማ ደነገጠ፤ እጇን ይዞ ተቀመጠ። ስለ ኢሜይሉ ሲሰማ ደግሞ ቀና ብሎ አያት።

«ለሊንዚ ምን ልትያት ነው?» አላት።

«እውነቱን።»

«እስክትድኚ ብትቆይስ? ዓይኗን የታመመች ፎቶ አንሺ ማን ይቀጥራል? ሥራሽ ይሄድብሻል፣ ፀሐይ።»

«የእሱስ ሥራ ሄዶ የለ?» አለችው።

መኳንንት ተነስቶ ስልኳን ከቻርጀሩ ነቅሎ አመጣላት።

ሊንዚ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማቻት። ፀሐይወርቅ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ የቦቱ ፎቶ የተበላሸው በመብራት ሳይሆን በእኔ ዓይን ነው፤ የመብራት ሰውዬው ያለ ጥፋቱ ነው የተነካው፤ ይህንንም እጽፋለሁ አለች። ሊንዚ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ አለች፤ ለእሱ ራሴ እደውልለታለሁ አለች። ስለሚቀጥለው ሥራ ግን ምንም ሳትል ስልኩ ተዘጋ።

ለጉልላት በስልክ መንገር አልፈለገችም። ቅዳሜ ጠዋት ለእሑዱ አምልኮ እንደሚያዘጋጅ ስለምታውቅ፣ መኳንንት ጉባኤያቸው ወደሚሰበሰብበት ሕንፃ አደረሳት። በመጋዘኖች መካከል የተከራዩት አዳራሽ ነው። ፀሐይወርቅ እዚያ ገብታ አታውቅም። በሩ ላይ ትንሽ አመነታች፤ ጫማ ይወለቃል ወይ ብላ ወለሉን አየች፤ የሚያወልቅ አላየችምና ገባች። ጉልላት መሰላል ላይ ሆኖ አምፖል ሲያዞር አገኘችው። ሲያያት ወዲያው አልወረደም። ሥራውን ጨረሰ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ከዚያ ወረደና ወንበር አቀረበላት። አልተቀመጠችም።

«ጉልላት፣ ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለችው። «ያ ቀን መብራትህ ምንም አልነበረበትም። ዓይኔን ሞራ ጋርዶኝ ነው። ሳላጣራ ጥፋቴን በአንተ ላይ አላከክሁ።»

ጉልላት ወንበሩን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ዓይንዎን ገምቼ ነበር» አላት።

«ምን አልክ?»

«አባቴን እንዲሁ ነው የጀመረው። ነጭ ስሰጥዎ አጥራልኝ፣ አጥራልኝ ማለት ሲጀምሩ ጠርጥሬ ነበር። ከቦቱ በፊትም ሁለት ሦስት ጊዜ ብለውኛል፤ ረስተውት ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ፣ እትዬ ፀሐይ? እርስዎን ዓይንዎ አያይም ብዬ? ለሌላ ሰው ቢሆን እናገር ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ።» መሰላሉን ተደገፈ። «ኢሜይሉን ሲያሳዩኝ ግን ተናድጃለሁ። አልዋሽዎትም። ሦስት ሳምንት ስምዎ ሲጠራ መስማት አልፈለግኩም።»

«ደግ አደረግክ» አለችው። «እኔም ብሆን።»

ያን ጊዜ ነው የተቀመጠችው። እሱም የመሰላሉ ታችኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሊንዚ ትናንት እንደደወለችለት፣ ይቅርታም እንደጠየቀችው፣ ተመለስ እንዳለችው ነገራት። እሱ ግን አይመለስም። ሥራው ሲቋረጥበት አንድ የዕቃ ማከማቻ ገብቷል፤ ሺፍቱ የታወቀ ነው፣ የልጆቹ ጥርስና መነጽር በኢንሹራንስ ይሸፈናል፣ ሚስቱም ማታ ማታ ቤት ስለሚገኝ ደስ ብሏታል። መብራቱን ይወደዋል፤ ግን ለሰው ደስታ ብሎ ቤቱን እንደገና አያናጋም። ፀሐይወርቅ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። ይቅርታዋ ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል ብላ ሳይታወቃት ተስፋ አድርጋ ነበር።

«ስሜ ተመልሷል» አላት ፊቷን አይቶ። «እሱ ነበር የከነከነኝ። ሥራ ሥራ ነው።»

ሊያደርሳት ወደ በሩ ሲሄዱ፣ ቀዶ ሕክምናው መቼ እንደሆነ ጠየቃት። ሰኔ አካባቢ ነው አለችው። እስከዚያ እንዴት ሊሠሩ ነው? አላት። እንጃ፣ ሊንዚም መልሳ አልጠራችኝም አለችው።

«ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ነፃ ነኝ» አላት ጉልላት። «ቀለሙን እኔ አይልዎታለሁ።»

ሊንዚ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለች። ትልልቆቹን ዝግጅቶች ለጊዜው ለሌላ ፎቶ አንሺ ሰጥታለች፤ ትንንሾቹን ግን፣ ቀለሙን የሚያረጋግጥ ሌላ ሰው ካለ፣ ፀሐይወርቅ ትሠራቸዋለች። ስለዚህ ያን የጸደይ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ አብረው ሄዱ። የብስክሌት ሱቅ መክፈቻ፣ የሳሙና ድርጅት፣ አንድ የማር ነጋዴ። ጉልላት አጠገቧ ቆሞ የካሜራውን መስኮት ያያል፤ «አረንጓዴ ገብቶበታል»፣ «ፊቱ ቀልቷል»፣ «አሁን ጥሩ ነው» ይላታል። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዷ ቃሉ እንደ እሾህ ወጋቻት። እስከዚያ ቀን ድረስ አጠገቧ ቆሞ በቀለም ዓይኗን ያረማት ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቅዳሜ ገና ከመናገሩ በፊት «እህ?» ብላ መጠየቅ ጀመረች። ማታ ለሚደረገው እርማትም መኳንንት እነ ጉልላት ቤት ያደርሳትና፣ ኮምፒውተሯን ከፍታ ከጉልላት ሚስት ከሩታ ጋር ተቀምጣ ትሠራለች፤ ሩታ የቀለም ነገር ሥራዋ ባይሆንም አታሞግስም፤ «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ በሽተኛ መስሏል» ብላ ቁርጡን ትናገራለች።

የቀኝ ዓይኗ በሰኔ ተሠራ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በማግስቱ ጠዋት መከለያው ከተነሳላት በኋላ ቤቷ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች፤ ማቀዝቀዣው በረዶ የመሰለ ነጭ ነው። ቀኙን ሸፈነች፤ ያው ማቀዝቀዣ የአሮጌ ወረቀት ቀለም ሆነ። ደጋግማ አደረገችው። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፤ ሰማዩን እንዲያ ሰማያዊ ሆኖ አታስታውሰውም ነበር። መኳንንት ምን አገኘሽ ብሎ መጣ። በተሠራው ዓይኗ አየችው።

«መኳንንት፣ ጸጉርህ እንዲህ ነጥቷል እንዴ?» አለችው።

«ሦስት ዓመት ሆነው» አላት።

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እሷ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሐኪሟ አታልቅሺ ባትልም ዓይኗን እንዳትነካ ስለከለከለቻት፣ እንባዋን መኳንንት በወረቀት ከጉንጯ ላይ ብቻ ጠረገላት።

ከባዱን የካሜራ ቦርሳ ማንሳት ለሁለት ሳምንት ስለተከለከለች የነበራት ሥራ ኮምፒውተሩ ፊት መቀመጥ ነበር። የቦቱን ፎቶዎች ከፈተች። ሊንዚ ገንዳ ውስጥ የቆመ ሰው ይመስላል ያለቻት እውነት ነው። ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ብዙዎቹ የፊሊፒንስና የአፍሪካ ሰዎች ናቸው፤ ጠቆር ያለው ፊታቸው በእሷ እርማት አመድ ሆኗል። በሐበሻ ሠርግ ላይ ሌሎች ፎቶ አንሺዎች የሰውን ፊት አበላሹ ብላ ስትቆጣ የኖረች ሴት ናት፤ አሁን በእጇ የሠራችውን እያየች አፈረች። ከቦቱ በፊት የነበሩትንም ከፈተች። የሁለት ዓመት ሥራ፣ መጀመሪያ ለስለስ ያለ፣ ከዚያ እየባሰ የሄደ ሰማያዊ ነው። መቼ እንደጀመረ ለማግኘት ወደ ኋላ ሄደች፤ አንድ ቀን የሚባል አልነበረውም።

ከተነሱት ውስጥ የቦቱን ብቻ፣ ሦስት መቶ አሥሩንም፣ ግራጫው ካርድ ባላት ቁጥር ላይ መልሳ አስተካከለች። ለሊንዚ ላከች፤ ማንም አልጠየቃትም። ድርጅቱ ማስታወቂያውን ከሌላ ቦታ ሠርቶ ጨርሶ ስለነበር አልተጠቀመባቸውም። ሠራተኞቹ ግን የየራሳቸውን ፎቶ እንዲወስዱ ተልኮላቸዋል ብላ ሊንዚ ጻፈችላት። በሚቀጥለው መስመር ላይ የኅዳሩን ትልቅ ዝግጅት ትችይ እንደሆነ ጠየቀቻት። ፀሐይወርቅ፣ ግራ ዓይኔም ይሠራና እነግርሻለሁ ብላ መለሰች።

ግራ ዓይኗ በሐምሌ ተሠራ። መስከረም ላይ የጉልላት ጉባኤ መዘምራን አዲስ አልበማቸውን ሊያስመርቁ ነበርና ጉልላት ፎቶውን እንድታነሳላቸው ለመናት። መኳንንት በሩ ላይ ሲያወርዳት «ምን ይሉሻል?» አላት፤ የገዛ ቤተ ክርስቲያኗን ሰዎች ማለቱ ነው። «ሥራ ላይ ናት ይባላሉ» አለችውና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ገባች።

አዳራሹ እንደፈራችው ነበር። በጎን መስኮት፣ ከላይ የቢሮ መብራት፣ መድረኩ ላይ ጉልላት ለበዓሉ ያዘጋጀው ሐምራዊና ወርቃማ። መዘምራኑ ነጭ ለብሰዋል። ጉልላት ከማዘዣው ጀርባ ሆኖ ሌላውን መብራት ሁሉ አጥፍቶ ነጩን ሰጣት። ካርዷን አነሳች፤ የካሜራውን መስኮት አየች።

«አንድ ነገር ልበልህ?» አለችው።

«ይበሉ።»

«አረንጓዴ አለበት። ትንሽ።»

ጉልላት ወደ መድረኩ አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ። ከማዘዣው ጀርባ ወጥቶ መጣና መስኮቱን አብሯት አየ። ረጅም ጊዜ አየው።

«አለበት» አላት፣ እየሳቀ ወደ ማዘዣው ሲመለስ። «አንዱ አምፖል አርጅቷል። ቆይ ልቀይረው።»

መሰላሉን አምጥቶ ወጣ። ፀሐይወርቅ በግራ እጇ ካሜራዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ በቀኟ መሰላሉን ያዘችለት። የመዘምራኑ መሪ መጥቶ ልንጀምር ነው ወይ አላት። ትንሽ ጠብቁን አለችው።